ድልድዩ አፍ ላይ የተንበረከክኩ ዕለት

ስሜ ታደለ ነው። የምኖረው ኢስት ፖይንት፣ አትላንታ ኤርፖርት ጥግ ነው፤ ቤት ገዝቼ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። መኪናቸውን ፓርክ አድርገው የሚበሩ መንገደኞችን በሻትል አውቶቡስ ከፓርኪንጉ ወደ ተርሚናሉ፣ ከተርሚናሉ ወደ ፓርኪንጉ ሳመላልስ እውላለሁ። ባለቤቴ ዘነበች "ታደለ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ የትም አልደረሰም" እያለች ትቀልድብኛለች። የማጫውታችሁ ነገር እስከደረሰብኝ ቀን ድረስ ስለ እኔ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ "ዝምተኛ ነው፣ ማንንም አይነካም" ነበር የሚለው። እኔም እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

አንድ ልጅ አለችን፤ ሶስና። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። ሳንዲ ስፕሪንግስ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ፊዚካል ቴራፒስት ናት፤ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን፣ ወድቀው የተሰበሩትን ሰዎች እንደገና መራመድ ታለማምዳለች። አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተላቆጠ ነው፤ ቢሆንም እኔን በሌላ ቋንቋ አናግራኝ አታውቅም። እንዋደዳለን። ግን እውነቱን ልናገርና ወሬያችን ስለ መኪና ዘይት፣ ስለ አየሩ፣ "በላሽ? በላህ?" ከማለት አያልፍም ነበር። ልጅ ሳለች ስለ ወጣትነቴ ስትጠይቀኝ "ያኔ ምን ነበረ ብለሽ ነው" ብዬ አልፋት ነበር። አደገችና መጠየቋን ተወች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ ማታ ደወለችልኝ።

"ባባ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነህ አይደል? ከእኔ ጋር ሌተርቦክሲንግ ትሄዳለህ።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው? ፖስታ ቤት ነው?"

ሳቀች። ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ሰዎች ትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ጫካ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ የዛፍ ሥር ውስጥ ይደብቃሉ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ የጎማ ማኅተምና አንድ ደብተር ይኖራል። የደበቀው ሰው የት እንዳለ በእንቆቅልሽ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። እንቆቅልሹን ፈትቶ ሳጥኑን ያገኘ ሰው የራሱን ማኅተም በሳጥኑ ደብተር ላይ፣ የሳጥኑን ማኅተም ደግሞ በራሱ ደብተር ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ሳጥኑን ቦታው መልሶ ይሄዳል።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ፣ ያው ነው።"

"ሽልማት የለውም?"

"ኖ፣ ባባ። ማግኘቱ ራሱ ነው እኮ ሽልማቱ።"

ምንም አልገባኝም። ግን ልጄ "ከእኔ ጋር ና" ካለችኝ ስንት ጊዜ ሆኗታል? እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ስትወስደኝ መኪናው ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር በእጄ ላይ አስቀመጠች። ከላጲስ ቀርጻ የሠራችው ማኅተም ነበር። ገልብጬ ሳየው የሻትል አውቶቡስ ነው፤ መስኮቶቹ ሳይቀሩ ተቀርጸዋል፣ ሹፌሩም በትንሹ ይታያል።

"ሁሉም ሰው የራሱ ማኅተም አለው" አለችኝ። "ይሄ ያንተ ነው።"

ኪሴ ከተትኩት። መንገዱን ሙሉ እየደባበስኩት ሄድኩ።

ከአትላንታ ወጥተን ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳች። ሰፊው መንገድ ጠበበ፤ ሱቆቹ አለቁ፤ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ድርቆሽ የተደረደረባቸው ሜዳዎችና በየርቀቱ ትንንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያኖች መጡ። በመጨረሻም አስፋልቱ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ዳር ሲደርስ ድልድዩ ታየ።

መጀመሪያ ሳየው ድልድይ አልመሰለኝም። ወንዝ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ጎተራ ነው የሚመስለው። ግድግዳው እንጨት፣ ወለሉ እንጨት፣ ከላይ ጣራ አለው። በእርጅና ግራጫ ሆኗል። ውስጡ ሲገቡ ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳው እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ሳንቃ ስለሆነ ፀሐይዋ በየቀዳዳው ትገባለች። ከሥር ውኃው በጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ እየተንሸራተተ ይጮኻል።

"ጣራ ለምን አስፈለገው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እንጨቱ በዝናብ እንዳይበሰብስ። ባባ፣ ማን እንደሠራው ታውቃለህ? በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ነፃ ከወጣ በኋላ ድልድይ ሠሪ ሆነ። ለዚህ ነው አንተን እዚህ ያመጣሁህ፤ ሪሊ ቆንጆ ታሪክ ነው።"

ሳንቃዎቹ የተያያዙት በእንጨት ችንካር ነበር። እጄን አሳረፍኩበት፤ ለስልሷል።

እንቆቅልሹን ከስልኳ አነበበችልኝ። አሁን ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ግን "የድልድዩን አጥንት ካየህ በኋላ ወንዙን ተሻገር፣ ጣቶቹን መሬት ውስጥ የሰካውን ዛፍ ፈልግ" የሚል ዓይነት ነበር። ሶስና "አጥንቱ ማለት ከሥር ያለው ግንድ ነው" አለችና የስልኳን መብራት አብርታ ድልድዩ ሥር ገባች። እኔ ቦርሳዋን ተሸክሜ ተከተልኳት። እሷ ጎንበስ ብላ በየግንዱ መሐል ታበራለች፣ በእጇ ትዳብሳለች። እኔም እዳብሳለሁ። ልብሳችን በሸረሪት ድር ተሞላ። እንደዚያ ቀን አብረን ስቀን የምናውቅ አይመስለኝም።

ሰማያዊና ቀይ መብራት ውኃው ላይ ሲብለጨለጭ ያየሁት እኔ ነኝ።

የመኪና በር ተዘጋ። ከላይ የጠጠር ድምፅ መጣ፣ ከዚያም የወንድ ድምፅ።

"ከድልድዩ ሥር ውጡ! እጃችሁን እኔ በማየው ቦታ አድርጉ!"

ወጣን። የካውንቲው ፖሊስ ነበር፤ እዚያ ዴፒዩቲ ይሉታል። ከወገቡ ሰፋ ያለ፣ ፂሙ መሸበት የጀመረ ነጭ ሰውዬ። መሣሪያ አላወጣም፤ ግን አንድ እጁ ቀበቶው ላይ ነበር።

"ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ምንም። ላይክ፣ ድልድዩን እያየን ነው" አለች ሶስና።

"ከሥሩ? በባትሪ? ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?"

ሻንጣ ያለው እኔ ትከሻ ላይ የነበረውን ቦርሳ ነው። ላወርደው ስል "እጅዎን ከቦርሳው ያርቁ!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ደረቅኩ።

"ሁለታችሁም መታወቂያ።"

እኔ በልቤ "ስጪው፣ ስጪውና እንሂድ" እላለሁ። ሶስና ግን አልሰጠችውም። ፊቷ ቀልቷል። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ታካሚዎቿን በምታናግርበት በዚያ በተረጋጋ ድምፅ እንዲህ አለችው፦

"ይሄ የሕዝብ ቦታ ነው። መታወቂያ የምትጠይቀን በምን ምክንያት ነው? በየትኛው ሕግ?"

አንባቢያን፣ ይቺን "በየትኛው ሕግ" የምትለዋን ቃል የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማኋት። በሌላ ሰው ድምፅ ነው የሰማኋት።

"ዝም በይ!" ብዬ ጮህኩባት።

ከተወለደች ጀምሮ ጮኼባት አላውቅም። ዘወር ብላ አየችኝ። በዚያው ቅጽበት ጉልበቴ ታጠፈ። ማንም ሳያዘኝ ጠጠሩ ላይ ተንበረከክኩ፤ ሁለት እጄን ማጅራቴ ላይ አጣምሬ፣ አንገቴን ደፋሁ። "እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ" እላለሁ፤ ያውም በአማርኛ።



"ሰር" አለ ሰውዬው። ድምፁ ፍጹም ተለወጠ። "ሰር፣ ኧረ እባክዎ። ተንበርከኩ አላልኩም። እንደሱ አላልኩም።"

መነሳት አቃተኝ።  ሰውዬው መጥቶ በአንድ ጎን ክንዴን ያዘኝ። በሌላው ጎን ሶስና መጣች፤ አንድ እጇን በብብቴ ሥር፣ አንዱን ወገቤ ላይ አድርጋ፣ በሽተኞቿን እንደምታነሳቸው አድርጋ አነሳችኝ። "በቀስታ፣ ባባ። መጀመሪያ ይሄን እግር" ትለኛለች። ሳያት እንባዋ ይወርዳል። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። በፖሊሱ አይደለም ያፈርኩት፤ በልጄ ዓይን ነው።

ዴፒዩቲው ከመኪናው ውኃ አምጥቶ ሰጠኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገና ነገሩን አስረዳን። ከወራት በፊት አንድ ሰው ድልድዩ ሥር እሳት ሊለኩስ ሞክሯል። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰው እንግዳ ሲያይ ይደነግጣል። ዛሬም "ሁለት ሰዎች ድልድዩ ሥር ገብተው አንድ ነገር እየቀበሩ ነው" የሚል ስልክ ስለደረሰው ነው የመጣው።

ሶስና ዓይኗን ጠርጋ ስለ ሌተርቦክሲንግ ነገረችው። ሳጥን፣ ማኅተም፣ ደብተር፣ እንቆቅልሽ። ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ አዳመጠ።

"እዚህ ነው ተወልጄ ያደግኩት" አለ። "እንደዚህ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። እሺ፣ ሳጥኑን አሳዩኝና እንጨርስ።"

ሦስታችንም ድልድዩን ተሻገርን። እሱ ከኋላ፣ እኛ ከፊት። ማዶው ላይ ዛፉን አላጣነውም፤ ሥሮቹ ከመሬት ወጥተው እንደ ጣት ተዘርግተዋል። ሶስና ተንበርክካ በየሥሩ መሐል እጇን ሰደደች። ቅጠል አወጣች። ድንጋይ አነሳች። ሌላ ድንጋይ አነሳች።

ሳጥኑ የለም።

"እዚህ ነው መሆን ያለበት" አለች። ወደ ስልኳ አየች፣ እንደገና ፈለገች።  እኔ የሰውዬውን ፊት እያየሁ ነው። ለስልሶ የነበረው ፊት ቀስ በቀስ እየተዘጋ ሄደ።

"ሚስ" አላት፤ "አሁንማ መታወቂያውን ልየው።"

በዚህ መሐል ከላይ ካለው መንገድ አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ፣ አንድ ወፍራም ውሻ እያስከተሉ ወረዱ። ነጭ ናቸው፤ የወንድ ሹራብ ለብሰዋል። ዴፒዩቲው "ሚስ ዶሪስ፣ ቤትዎ ይቆዩ ብዬዎት አልነበረም?" አላቸው። ስልኩን የደወሉት እሳቸው መሆናቸው ገባኝ።

"ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ ሰውዬው ሲንበረከክ አየሁ" አሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ምን አድርገሃቸው ነው? እኔ እንደዚህ አድርግ ብዬ ነው የጠራሁህ?"

"ምንም አላደረግኳቸውም። ሳጥን ነው የምንፈልገው ይላሉ፤ ሳጥኑ ግን የለም።"

"ምን ዓይነት ሳጥን?"

ሶስና በእጇ መጠኑን አሳየቻቸው። አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"አረንጓዴ ክዳን ያለው? ውስጡ ደብተር ያለው?"

ሳጥኑ እሳቸው ቤት ነበር። ዝናቡ የበረታ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ሳጥኑን ይዞት ወርዶ ኖሮ ውሻቸው ዳርቻው ላይ አገኘው። የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል ብለው ኩሽናቸው መስኮት ላይ አስቀምጠውታል። ዴፒዩቲው ሄዶ ይዞት መጣ። ደብተሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር አልረጠበም። ገጾቹ ላይ የወፍ፣ የኤሊ፣ የቅጠል፣ የኮከብ ማኅተሞች ነበሩ።

ሚስ ዶሪስ ወደ እኔ ቀረቡ። "ብቻዬን ነው የምኖረው" አሉኝ። "ሰው አየሁና ፈራሁ። ማን እንደሆናችሁ ወርጄ መጠየቅ እችል ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"መፍራትን አውቃለሁ እናቴ" አልኳቸው። እውነቴን ነው። በሴትዮዋ ሊናደድ የሚችል አንድም ነገር ውስጤ አልነበረም።

ማኅተሜን ከኪሴ አወጣሁ። ሶስና ቀለሙን ያዘችልኝ፤ ደብተሩ ላይ አውቶቡሴን አሳረፍኩ። ዴፒዩቲው በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየና "ሹፌሩ እርስዎ ነዎት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ፈገግ አለ። ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ፤ ለሶስናም ባርኔጣውን ነቀነቀላት። ሳጥኑን ዛፉ ሥር መለስነው፤ ሚስ ዶሪስ በከዘራቸው እየጠቆሙ ወንዙ የማይደርስበትን ጥግ አሳዩን።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

  ስንመለስ ሶስና ብዙ ከነዳች በኋላ አንዲት የገጠር ነዳጅ ማደያ ጋ ታጥፋ ፓርክ አደረገች፤ ሞተሩን አጠፋች። እጇ መሪው ላይ ነው።

"ባባ፣ ለምን ተንበረከክህ?"

በመስኮቱ ወደ ነዳጅ መቅጃዎቹ አየሁ።

"እኔ ምንም ስህተት አላደረግኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። አንተ ግን ጮህክብኝ፣ ከዚያ ደግሞ..." መሪውን ጨበጥ አደረገች። "ይሄን ነገር ከእንግዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሌም ነው የማየው። አይገባህም? እባክህ አንድ ነገር በለኝ። ኤኒቲንግ።"

ስለ አየሩ ላወራት አልቻልኩም። "አጎት ነበረሽ" አልኳት።

"ምን?"

"ይልማ ይባላል። ታላቄ ነው።"

ዘነበች እንኳ ወንድም እንደነበረኝና እንደጠፋ እንጂ ሌላ አታውቅም። ስሙን ከአፌ ካወጣሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ስጠራው አፌ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ።

ነገርኳት። ወጣቱን ለጦርነት በየመንገዱ በሚያፍሱበት ዘመን ከደብረ ታቦር ተነስተን ወደ ሱዳን ለመሻገር ወጣን። እኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሱ አስተማሪ ነበር፤ የይለፍ ወረቀት አውጥቷል። እኔ የለኝም። በጭነት መኪና ጀርባ፣ በጆንያ መሐል ተቀምጠን አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ ኬላ ነበር። አስወረዱን። ድልድዩ አፍ ላይ አሰለፉን። አንድ ወታደር ወረቀት እያየ ከዳር ጀምሮ መጣ። የይልማን አይቶ መለሰለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ያኔ ይልማ ተናገረ" አልኳት። "'ሰውን እንዲህ የምታንገላቱት በየትኛው ሕግ ነው?' አለው። ጮክ ብሎ። ወታደሩ ዞረበት። ሌሎቹም መጡ፣ ከበቡት። በሰደፍ ሲመቱት ተንበረከከ። እጁን ማጅራቱ ላይ አደረጉት። እየጎተቱ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ወሰዱት። ሹፌሩ 'ግቡ፣ ቶሎ ግቡ' አለን፤ መኪናው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። የሰማ የለም፣ ያየ የለም።"

ሶስና ወደ እኔ ሙሉ በሙሉ ዞራለች።

"ዝም ቢል ኖሮ ወረቀት ነበረው፤ ያልፍ ነበር" አልኳት። "አፉ ነው የበላው። ለዚህ ነው የጮህኩብሽ። ያን ቃል ስትይው... የሚገርመኝ ደግሞ ይልማ ተናጋሪ ሰው አልነበረም። ከሁለታችን ዝምተኛው እሱ ነበር። እኔ ነበርኩ ለፍላፊው። ያን ቀን ምን እንደነካው እስከዛሬ አላውቅም።"

 ልጄ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየፈለገች ጠየቀችኝ።

"ባባ፣ ወረቀት ያልነበረህ አንተ ነህ፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ወታደሩ ወደ አንተ ሲዞር ነው እሱ የተናገረው?"

"አዎ።"

"ከዚያ በኋላ ያንተን ወረቀት ማን ጠየቀህ?"

  ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ወደ እሱ ዞረው ነበር።

የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያን ቀን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ በእንቅልፌ አይቼዋለሁ፤ አንዴም ግን ይልማ የቆመበት ቦታ ቆሜ አላየሁትም። "ምነው ዝም ባለ" እያልኩ ነበር የኖርኩት። ቤቴንም፣ ትዳሬንም፣ የልጄን አስተዳደግም ያነፅኩት በዚያች "ምነው ዝም ባለ" ላይ ነው። እዚያ ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ይህች ዝምታዬን አይታ መጠየቅ ትታ የነበረች ልጅ በሦስት ጥያቄ ወንድሜን መለሰችልኝ። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሶስና ቀበቶዋን ፈትታ አቀፈችኝ። እኔን ስታፅናና "እሺ ባባ፣ እሺ" ትላለች፤ እሷም ታለቅሳለች።

በሚቀጥለው ሳምንት የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። "አባ፣ መሞቱን አላረጋገጥኩም፤ ጸሎት ይደረግለታል ወይስ አይደረግለትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ። "ይሄን ያህል ዘመን በልብህ ይዘኸው ኖረህ፣ ለእግዚአብሔር ብትሰጠው ምን ይጎድልብሃል? የክርስትና ስሙን ንገረኝ" አሉኝ።

የክርስትና ስሙን አላስታውስም ነበር።

ደብረ ታቦር ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ አለች። በየበዓሉ እደውላለሁ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። ስለ ይልማ አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ያን ቀን ሶስና አጠገቤ ተቀምጣ ደወልኩ።

"እትዬ፣ የይልማ የክርስትና ስም ማን ነበር?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እትዬ? እትዬ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ወልደ ገብርኤል ነው።" ቆይታ ደግሞ "አሁን ለምን ጠየቅከኝ?" አለች።

"ተዝካር ላወጣለት ነው።"

አለቀሰች። ቀስ ብላ ነው ያለቀሰችው።

"አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ" አለችኝ። "አንተ ዝም ስትል አንድ የምታውቀው ነገር አለ አልኩ። በሕይወት ቢኖር ነው፣ አንድ ቀን ሲመጣ ሊያስደንቀኝ ነው አልኩ። ልጆቼ 'ይቺን ቤት ሽጪና ባሕር ዳር ከእኛ ጋር ኑሪ' ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። ቢመጣ የት ብሎ ይፈልገናል?"

እኔ የማወራው እንዳያማት ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። እሷ ደግሞ በእኔ ዝምታ ላይ ተስፋ ሠርታ፣ ተስፋዋን እየጠበቀች አንድ ቤት ውስጥ አርጅታለች።

የዚያን የኬላውን ድልድይ ነገር በሙሉ ነገርኳት፤ ሶስና እንዳሳየችኝ አድርጌ። ስጨርስ እትዬ ብርቄ "እማማ ስትወጡ 'ታደለን አደራ' ብላው ነበር እኮ" አለች። "አደራ በላ አይደለም ይልማ።"

ተዝካሩን እዚህ በቤተ ክርስቲያን አወጣን፤ እትዬም እዚያ በሰፈሯ አወጣች። የሥራ ጓደኞቼ፣ ጎረቤቶቼ "ወንድም ነበረህ እንዴ?" እያሉ መጡ። አዎ፣ ነበረኝ እያልኩ ተቀበልኳቸው።

ይሄን የጻፍኩት ከእኔ ጋር በአንድ መንገድ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው። ሽሽትን፣ ኬላን፣ ወንዝ መሻገርን የምታውቁ ናችሁ። "ልጆቹ ምን ይሠራላቸዋል፣ በሰላም ይደጉ" ብላችሁ የተዋችሁት ነገር አለ። ክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፍቅር ነው። ግን ልጆቻችን ያልነገርናቸውን ነገር ሳያውቁት ይወርሱታል። ሶስና እኔ ምን እንደምፈራ ሳታውቅ የእኔን ፍርሃት ስትሸከመው ኖራለች። ደግሞ እኛ ብቻችንን ያየነው ሁሉ በትክክል ያየነው ላይሆን ይችላል። ልጅ ሲያየው በሌላ ዓይን ያየዋል። ስለዚህ ንገሯቸው። አማርኛቸው ቢሰባበር፣ ጥያቄያቸው ቢያስከፋችሁም ንገሯቸው።

አሁን ሶስና እሑድ እሑድ እትዬ ብርቄ ጋ በቪዲዮ ትደውላለች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "እትዬ፣ ስለ ይልማ ይንገሩኝ" ትላለች፤ እትዬም ትነግራታለች። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ባለፈው እሑድ ሶስና ስልኩን ወደ እኔ አዙራ "ባባ፣ እትዬ አታስታውስም፤ ይልማ ዋና ይችል ነበር?" አለችኝ።

አላውቅም ልላት ነበር። ከዚያ ድንገት የአንድ ሰው መዳፍ ከሆዴ ሥር ሲይዘኝ ተሰማኝ፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ "አልለቅህም፣ ተንፈራገጥ" የሚል ድምፅ ከላዬ ይሰማኛል።

"ይችላል" አልኳት። "እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።"